ስለ ጣና ዳር ዛፎችና ወፎች ለጠየቃችሁን

የዶቅማ ዘር ከአምና አቆይተው የዘሩ ጠያቂ አንድም እንዳልበቀለላቸው ጽፈዋል። የዶቅማ ዘር ድርቀት አይችልም፤ ፍሬው በስሎ እንደጠቆረ ሥጋውን አጥበው በዚያው ሰሞን ይዝሩት።

ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር መሬት ያላቸው አንድ አባት ደግሞ፣ ያረጀ ሾላቸው ጥላው ሰብል እንደከለከላቸው፣ ፍሬውም ትል ብቻ እንደሆነ ገልጸው፣ ቆርጠው ባሕር ዛፍ ይተክሉ እንደሆነ ጠይቀዋል።

አባቴ፣ እባክዎ አይቁረጡት። ትል ያሏት ነፍሳት የጤፍ ፍሬ የምታህል ክንፋም ስትሆን፣ አበባው በፍሬው ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚያብብ ገብታ የአበባ ብናኝ የምታደርስለት እርሷ ናት፤ ያለ እርሷ ሾላ ዘር አይቋጥርም። የሾላ ዛፎች ሁሉም በአንድ ወቅት ስለማያፈሩ፣ ዋንዛውና ዶቅማው ባዶ በሆኑበት ወር እንኳ አንዱ ሾላ ለወፎች ማዕድ አያጣም። ሊበሉ የመጡት ወፎች ከሌላ ቦታ የዋጡትን ዘር ከሥሩ ይጥላሉ። አምና ሐምሌ ላይ ከአንድ ሾላ ሥር የረገፈውን ቅጠል ገለጥ ሳደርግ፣ ማንም ያልተከላቸው የዋንዛና የዶቅማ ችግኞች ጣት አክለው አገኘኋቸው። ዓሣ አዳኙ ነጭ ራስ ንስርም ጎጆውን የሚሠራው በእንዲህ ያለ ግዙፍ ዛፍ ላይ ነው። ባሕር ዛፍ ለወፍ የሚበላ ሥጋማ ፍሬ የለውም፤ ከሥሩም ብዙ ነገር አያበቅልም። እንጨቱ የግድ ካስፈለገዎ ከዳሩ አርቀው፣ በላይኛው ማሳ ጥግ ይትከሉት። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ቢመዘገብም፣ መዝገብ ብቻውን ዛፍ አያቆምም። የዘጌ ደን እስከ ዛሬ የቆየው ባለቤቶቹ ቡናቸውን በአገር በቀል ዛፎች ጥላ ሥር በማልማታቸው ነው።

ብርብራ ዓሣ ስለሚገድል ሐይቁ ዳር አይተከልም ወይ ላሉት ተማሪ፦ ይተከል። ዓሣ የሚያሰክረው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ የሚጨመረው ፍሬ ነው፤ ጫጩቱን ሳይቀር ስለሚፈጅ ይህን የሚያደርግ ሰው ሊከለከል ይገባል።

ክንፏ የተሰበረ ወፍ ያገኙት በአካባቢያቸው ላለ የዱር እንስሳት ባለሙያ ያሳውቁ።

የልጃቸውን ጭርት በብሳና ቅጠል ጭማቂ ያሹ እናት ቆዳው ተቆጥቶ እንደቆሰለ ጽፈው፣ ሌላ ቅጠል እንድጠቁማቸው ጠይቀዋል። አልጠቁምም። ይህ ዓምድ ስለ ዛፍ እንጂ ስለ ሕክምና አይደለም፤ የብሳና ፈሳሽ ቆዳ ያቃጥላል፣ ፍሬውም ቢዋጥ መርዝ ነው። ሌላ ምንም ሳይቀቡት ልጁን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ የቀቡትንም ቅጠል ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ።