መልስ፦ ኤሚ ሄኒንግስ መሥራች ናት ወይስ የመሥራቹ ሚስት?

ስለ ኤሚ በሚጽፉት የአንድ ተዋናይ ተውኔት ውስጥ ምን ልበላት ብለው ለጠየቁኝ፦ «መሥራች» ይበሏት። ዘፋኟና ገጣሚዋ ኤሚ ሄኒንግስ እና ጸሐፊው ሁጎ ባል (Hugo Ball) «ካባሬ ቮልቴር» የተባለውን የዘፈንና የግጥም ምሽት ቤት ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ውስጥ በአንድ መጠጥ ቤት የጓሮ ክፍል አብረው የከፈቱት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1916 ነው። የተጋቡት ግን በ1920 ነው። ስለዚህ ዳዳ የተባለው፣ የተለመደውን ጥበብ የተቃወመ የጥበብ እንቅስቃሴ በተወለደበት በዚያ መድረክ ላይ «ሚስት» የምትባል ሴት አልነበረችም።

እንዲያውም ከመካከላቸው በመድረክ ሥራ የበሰለችው እሷ ነበረች። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ሙኒክ ውስጥ «ሲምፕሊሲሲሙስ» በተባለው ካባሬ ትዘፍን ነበር። ዙሪክ ከገቡ በኋላም በአንድ የቫራይቲ (የልዩ ልዩ ትርዒት) ቡድን ውስጥ እሷ ስትዘፍን ሁጎ ፒያኖ ይጫወትላት ነበር። ታዳሚው ግጥም ሊሰማ ሳይሆን ሊጠጣ የመጣ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሕዝብ ዝም ማሰኘት ደግሞ ማኒፌስቶ (የአቋም መግለጫ) ከመጻፍ የሚከብድ ይመስለኛል። አሻንጉሊቶችንም በእጇ ሠርታ በመድረኩ ታጫውት ነበር። ለአንድ ተዋናይ ተውኔት ከዚህ የተሻለ ቁሳቁስ ከየት ይገኛል? አንዱን አሻንጉሊት ሁጎ አድርገው ያናግሯት።

አንድ ማሳሰቢያ፦ እንዲህ ያሉ የሕይወት ታሪክ ተውኔቶችን ሳርም ደጋግሜ የማየው፣ ጸሐፊው የባለታሪኩን ትዝታ እንዳለ ወደ ቃለ ተውኔት ሲገለብጥ ነው። ኤሚ ስለ ሁጎ የጻፈቻቸው መጻሕፍት በ1927 እሱ ከሞተ በኋላ የታተሙ ናቸው፤ በሐዘንና በካቶሊካዊ እምነቷ የተቃኙ ስለሆኑ እሱን ከፍ፣ ራሷን ዝቅ ያደርጋሉ። ለድምጿ ይልቅ ስለ እስር ቤት ቆይታዋ በ1919 ካሳተመችው ልብ ወለድ ይነሡ። እዚያ ውስጥ የምትናገረው የማንም ሚስት አይደለችም።