ሥራዬን ልልቀቅና የፍቅር ልቦለድ ልጻፍ?

«27 ዓመቴ ነው። በአንድ ድርጅት የሂሳብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የፍቅር ልቦለድ እያነበብኩ ነው ያደግኩት፤ አሁን ራሴ መጻፍ እፈልጋለሁ። ሦስት ልቦለዶች ጀምሬ ሦስቱም አምስተኛው ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ ቆሙብኝ። ከሥራ ስመለስ ድክም ብሎኝ ነው የምገባው። ስለዚህ ሥራዬን ለቅቄ አንድ ዓመት ቁጭ ብዬ ልጻፍ እያልኩ ነው። ቤተሰቦቼ ግን ‹የፍቅር ታሪክ መጻፍ ሙያ ነው እንዴ?› ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል? የደራሲ ኑሮስ ምን ይመስላል? መጽሐፉ ቢታተም በራሴ ስም ይሁን በብዕር ስም? የአንዱን ልቦለድ የመጀመሪያ ምዕራፍ አያይዣለሁ። ልጅቷ ካፌ ውስጥ ከሌላ ሴት ጋር የምታየው ሰው እህቱን ይዞ ነው የተቀመጠው፤ ይህ መጨረሻ ላይ ነው የሚታወቀው።»

እህቴ፣ ምዕራፉን ደግሜ ነው ያነበብኩት። መጻፍ ትችያለሽ። ልጅቷ ስልኳን በፊቱ ደፍታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። ትንሽ ቆይታ ታነሳዋለች። ምንም የለም። መልሳ ትደፋዋለች። «ናፈቃት» የሚል ቃል አንድም ቦታ አልጻፍሽም፤ መናፈቋ ግን አንጀቴን በላው። እንዲህ ያለውን ትንሽ ነገር የሚያይ ዓይን ሁሉም ሰው ጋ አይገኝም።

ስለዚህ ቀጥሎ የምልሽን ችሎታሽን ተጠራጥሬ ያልኩት እንዳይመስልሽ። ሥራሽን አትልቀቂ። መጀመሪያ አንድ ልቦለድ ከዳር እስከ ዳር ጨርሺ። መልቀቅ አለመልቀቅ ከዚያ በኋላ የሚወሰን ነገር ነው።

ምክንያቴን ልንገርሽ። ችግሩ ጊዜ ማጣት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ከሦስቱ አንዱ እየተጎተተም ቢሆን ይሄኔ ወደ መጨረሻው ይጠጋ ነበር። ሦስቱም እዚያው አካባቢ ከቆሙ ግን ያስቆማቸው ነገር ታሪኩ ውስጥ ነው ያለው። እሱን ሳትፈቺ ሥራ ብትለቂ፣ እዚያው ቦታ ላይ እንደቆምሽ ደመወዝ የሌለው ዓመት ታሳልፊያለሽ። በዚያ ላይ የቤት ኪራይ እያሳሰበው የፍቅር ትዕይንት የሚጻፍለት ሰው ጥቂት ነው። ጭንቀት ሲገባ ሰው የሚወደውን ትቶ ቶሎ ይሸጥልኛል ያለውን መጻፍ ይጀምራል። ይህ ደግሞ ጽሑፉ ላይ ይታወቃል።

እንግሊዛዊው ደራሲ አንቶኒ ትሮሎፕ በፖስታ አገልግሎት ተቀጥሮ ከ30 ዓመት በላይ ሠርቷል። በማለዳ ተነስቶ፣ ሰዓቱን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ፣ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃላት ለመጻፍ ይጥር ነበር። ከዚያ ወደ ቢሮው ይሄዳል። ሥራውን የለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1867 ነው፤ ያኔ ስሙ የታወቀ ደራሲ ሆኗል። በጠቅላላው 47 ልቦለዶች ጽፏል። የእሱን ፍጥነት ተከተዪ አልልሽም። የመልቀቁን ቅደም ተከተል ግን ልብ በዪው፤ መጽሐፎቹ ናቸው የቀደሙት።

አሁን ወደ ታሪክሽ እንግባ። ዋናው ጉዳይ ያለው እዚህ ነው። ልጅቷ የምትወደውን ሰው ከሌላ ሴት ጋር ታየዋለች፤ ሳታናግረው ተመልሳ ትሄዳለች፤ ሴትየዋ ለካ እህቱ ናት። አንባቢዋ እዚህ ጋ ስትደርስ «ታዲያ ለምን አትደውልለትም?» ትላለች። እውነቷን ነው። በአንድ የስልክ ጥሪ የሚፈታ ችግር አንድ ሙሉ ልቦለድ አይሸከምም። አንቺም ይህ ውስጥ ውስጡን ስለሚሰማሽ ይመስለኛል አምስተኛው ምዕራፍ ላይ እጅሽ የሚዝለው። የሚጻፍ ነገር አልቆብሻል። ሁለቱ እንዳይነጋገሩ ለማድረግ ሰበብ መፈለግ ትጀምሪያለሽ፤ ስልኩ ይጠፋል፣ መልእክቱ አይደርስም፣ ሰውየው ድንገት ከከተማ ይወጣል።

የፍቅር ልቦለድን የሚያንቀሳቅሰው በሁለቱ መሀል ያለው እንቅፋት ነው። አንባቢዋ መጨረሻ ላይ እንደሚሆንላቸው ገና ሽፋኑን ስታይ ታውቃለች። ገጽ የሚያስገልጣት «ይህን ሁሉ አልፈው እንዴት ሊገናኙ ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። እንቅፋቱ የውሸት ከሆነ ጥያቄውም ይሞታል። ጠንካራው እንቅፋት ደግሞ ከራሳቸው ከሰዎቹ ማንነት የሚመጣው ነው።

ያንኑ የካፌ ትዕይንት እንውሰድ። ሴትየዋ እህቱ መሆኗን ልጅቷ እዚያው ትወቅ። እንዲያውም ሄዳ ትጨብጣት፤ አብራ ትቀመጥ። እህትየዋ የመጣችው ብድር ልትጠይቀው ነው። እሱም ሳያቅማማ «እሺ» ይላታል። ልጅቷ ግን ለዘመድ አዝማድ ሲያበድር ሲያበድር ቤቱን ያጣ ሰው ልጅ ናት። ሌላው ሰው እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚያየው ደግ ወንድም ነው። እሷ ያየችው አባቷን ነው። የወደደችበትና የምትፈራው ነገር አንድ ሆነባት ማለት ነው። ይህን በስልክ ጥሪ ልትፈቺው አትችዪም። እሱ ደግነቱን ቢተው የወደደችው ሰው መሆኑ ይቀራል። እሷ ፍርሃቷን ዋጥ አድርጋ ብታገባው ችግሩ ከሠርጉ ማግስት ይፈነዳል። ስለዚህ ሁለቱም መለወጥ አለባቸው። ሰው ሲለወጥ ማሳየት ደግሞ ገጽ ይፈጃል። ለስድስተኛውም ለአሥራ ስድስተኛውም ምዕራፍ የሚሆን ነገር አገኘሽ።

ስለዚህ ጅምሮችሽን አውጪና ለእያንዳንዳቸው ሁለት ጥያቄ መልሺ። እሷ ከልቧ የምትፈራው ምንድን ነው? ከእሱ ባሕርይ ይህን ፍርሃት የሚነካው የቱ ነው? (ተቃራኒውንም ጠይቂ፤ እሱም የሚፈራው ነገር ይኑረው።) ጥርት ያለ መልስ ያገኘሽለትን አንዱን ያዢ። ሌሎቹ ለጊዜው ይቀመጡ።

ቤተሰቦችሽ «ሙያ ነው እንዴ?» ላሉት፣ አዎ ነው። ሚልስ ኤንድ ቡን የተባለው አሳታሚ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1908 ለንደን ውስጥ፣ ሃርለኩዊን የተባለው ደግሞ በ1949 ካናዳ ውስጥ ተቋቋሙ። ሁለቱም ሲጀምሩ የተለያየ ዓይነት መጽሐፍ ያሳትሙ ነበር፤ ስማቸው የገነነው ግን በፍቅር ልቦለድ ነው። በ1971 ሃርለኩዊን ሚልስ ኤንድ ቡንን ጠቀለለው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በ1980 የፍቅር ልቦለድ ደራሲያን የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመዋል። ማኅበሩ ለዘውጉ፣ ማለትም ለዚህ የልቦለድ ዓይነት፣ ያስቀመጠው መስፈርት ሁለት ነገር ነው። ፍቅሩ የታሪኩ እምብርት ይሁን፤ መጨረሻው የሚያረካና ተስፋ ያለው ይሁን።

ሁለተኛው ብዙ ጀማሪዎችን ይጥላል። ጠለቅ ያለ ሥራ ለመምሰል ሲሉ መጨረሻ ላይ አንደኛውን ይገድሉታል። አሳዛኝ የፍቅር ታሪክ ትልቅ ሥነ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል፤ እኔም አነባለሁ። ግን ዘውጉም አንባቢውም ሌላ ነው። «የፍቅር ልቦለድ» ብለሽ ሸጠሽላት ፍቅረኛውን ብትቀብሪው፣ ሁለተኛውን መጽሐፍሽን አትገዛሽም። ይህን ዘውግ እንደ ቀላል ነገር የሚያዩ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ሁለት የተጎዱ ሰዎች ቀስ በቀስ እየተማመኑ ሲመጡ፣ አንባቢ እያንዳንዷን እርምጃ እንዲያምን አድርጎ መጻፍ ከባድ ሥራ ነው።

የደራሲ ኑሮ ምን ይመስላል ላልሽው፣ አብዛኛው ከመጻፍ ይልቅ ደግሞ መጻፍ ነው። ረቂቁን ማረም፣ ከአርታኢ የመጣውን አስተያየት መቀበልና አንዳንዴም መከራከር፣ የኅትመት እርማት ማየት፣ ውል ማንበብ፣ ለአንባቢ መልስ መስጠት፣ መጽሐፉን ሶሻል ሚዲያ ላይ ማስተዋወቅ። ይህ ሁሉ እየሆነ ደግሞ የሚቀጥለው መጽሐፍ መጻፍ አለበት። ሙድ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ለዚህ ኑሮ አይሆንም።

አሜሪካዊቷን የፍቅር ልቦለድ ደራሲ ኖራ ሮበርትስን ታውቂያት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1979 ከባድ በረዶ ጥሎ ከሁለት ትንንሽ ወንዶች ልጆቿ ጋር ቤት ተዘግቶባት ሳለ ነው መጻፍ የጀመረችው። የላከቻቸው ረቂቆች ተመለሱባት። የመጀመሪያው መጽሐፏ የወጣው በ1981 ነው፤ ዛሬ ከ200 በላይ ልቦለዶች አሏት። እኔን የሚገርመኝ ያ በመሀል ያለው ጊዜ ነው። ተመላሽ የሆኑባት የጨረሰቻቸው ረቂቆች ናቸው። አንዱ ሲመለስ ሌላ ትጽፍ ነበር። ያልተጨረሰ ልቦለድ ግን «አይሆንም» የሚለው ሰው እንኳ አያገኝም።

ለአንቺ ሒሳቡ ይከብድሻል ብዬ አላስብም። አጠር ያለ የፍቅር ልቦለድ 50,000 ቃላት ገደማ ነው። በቀን 500፣ በሳምንት 5 ቀን ብትጽፊ፣ 20 ሳምንት ይበቃል። ብትታመሚ፣ እንግዳ ቢመጣ፣ የሂሳብ መዝጊያ ወቅት ቢደርስብሽ እንኳ ከግማሽ ዓመት ብዙም አይዘልም። ማታ ከደከመሽ ማታን ተዪው። ጠዋት ከሥራ በፊት 45 ደቂቃ ወይም የምሳ ሰዓትሽን ግማሽ ያዢ። ስልክሽ ሌላ ክፍል ይሁን። ስታቆሚ ደግሞ ነገ ከየት እንደምትቀጥዪ አንድ መስመር ጽፈሽ ተነሺ፤ ባዶ ገጽ ፊት ቁጭ ብሎ ማሰላሰል ነው ጠዋትን የሚበላው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ረቂቁ ሳያልቅ ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ አትመለሺ። የላክሽልኝ ምዕራፍ በጣም የተወለወለ ነው፤ ብዙ ጊዜ እየተመላለስሽ እንደነካካሽው ያስታውቃል። ያን ጉልበት ስድስተኛው ምዕራፍ ይፈልገዋል።

ረቂቁ ሲያልቅ ጥቂት ሳምንታት አስቀምጪውና ማረም ጀምሪ። ያኔ ከምትሰርዣቸው ውስጥ አንዷን አሁን ላሳይሽ። ሁለተኛው ገጽ ላይ «ልቧ በደስታ ዘለለ፤ ዓይኖቹ እንደ ከዋክብት አበሩ» ብለሻል። ይህን ዓረፍተ ነገር ከዚህ በፊት አንብቤዋለሁ፤ አንቺም አንብበሽዋል። ስልኩን የደፋችው ልጅ በዚህች ቅጽበት ምን ታደርጋለች? ምናልባት የሰማችው እንዳይታወቅባት የተዘጋ ቦርሳዋን ደግማ ትዘጋለች። እንደዚያ ጻፊው። ምልልሱን ደግሞ ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ሰው አፍ ላይ የማይገባ ንግግር ወዲያው ይለያል። ከዚያ ይህን ዘውግ ለሚያነቡ ሁለት ሦስት ሰዎች ስጪና «የት ጋ ሰለቸሽ?» ብለሽ ጠይቂ። «ወደድሽው?» ካልሻቸው ሁሉም አዎ ነው የሚሉሽ።

ዲግሪ ያስፈልጋል ወይ የሚል ጥያቄ ካለሽ፣ አያስፈልግም። አጭር የጽሑፍ ሥልጠና ካገኘሽ ጥሩ ነው፤ ካላገኘሽ ማንበብ ይበቃሻል።

የገንዘቡ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ጄን ኦስተን እ.ኤ.አ. በ1811 የወጣውን የመጀመሪያ መጽሐፏን የኅትመት ኪሳራ ቢመጣ ራሷ ልትሸከም ተስማምታ፣ መብቱንም በእጇ ይዛ አሳተመችው። የመጀመሪያው ኅትመት አልቆ 140 ፓውንድ አስገኘላት። ቀጣዩን፣ «Pride and Prejudice»ን፣ ግን ሙሉ መብቱን በ110 ፓውንድ ሸጠች። በ1813 ወጣ፤ በዚያው ዓመት እንደገና ታተመ። ከተደገመው ኅትመት ለእሷ የደረሳት ገንዘብ የለም። እስከ ዛሬ በጣም ከሚነበቡት የፍቅር ልቦለዶች አንዱ ያ መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ውል ሲመጣልሽ መጀመሪያ የምታዪው የገንዘቡን መጠን አይሁን። የምትሰጪው መብት የቱ ነው? ለስንት ዓመት? ትርጉሙ፣ የድምፅ መጽሐፉ፣ ፊልሙስ? መጽሐፉ ገበያ ላይ መውጣቱ ቢቆም መብቱ ወደ አንቺ ይመለሳል?

በመደበኛ አሳታሚ በኩል ለወረቀት ሽፋን መጽሐፍ የሚከፈለው ሮያሊቲ (ደራሲው ከሽያጩ የሚደርሰው ድርሻ) ብዙ ጊዜ ከሽያጭ ዋጋው 10 በመቶ አይሞላም። ኢ-መጽሐፍ በአማዞን ኪንድል በኩል ራስሽ ብታወጪ፣ ዋጋው ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ከሆነ እስከ 70 በመቶ፣ ከዚያ ውጭ 35 በመቶ ይታሰብልሻል። ይህኛው የሚያጓጓ ይመስላል፤ ግን አርትዖቱም ሽፋኑም ማስታወቂያውም ከኪስሽ ነው የሚወጣው። ራስሽ አሳታሚ ከሆንሽ ወጪው የሚጠበቅ ነው። «አሳታሚ ነኝ» ብሎ መጽሐፍሽን ለማውጣት ከአንቺ ገንዘብ የሚጠይቅ ድርጅት ሲመጣ ግን ራቂው። ደህና አሳታሚ የሚያተርፈው መጽሐፍሽን ለአንባቢ ሸጦ ነው።

ሥራ የመልቀቁን ነገር መልሰሽ የምታነሺው ቢያንስ ሁለት ሦስት መጽሐፍ ወጥቶ ገቢው ለተወሰነ ጊዜ ሳይቆራረጥ ሲመጣ ነው። የሮያሊቲ ገንዘብ እንደ ደመወዝ በየወሩ አይገባም፤ በውሉ መሠረት በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ሊሆን ይችላል። ወጪሽን በዚያ ልክ አስልተሽ ካስኬደሽ ያኔ አስቢበት።

የብዕር ስምን በተመለከተ፣ ከፈለግሽ ያለ ሐሳብ ተጠቀሚ። በዚህ ዘውግ የተለመደ ነው። ውሉን የምትፈርሚው በሕጋዊ ስምሽ ይሆናል፤ የብዕር ስምሽም እዚያው ይጠቀስ። ሌላ ደራሲ የሚጠቀምበት አለመሆኑን አስቀድመሽ አጣሪ። ስሙን ስትመርጪ ደግሞ በቀላሉ የሚጻፍና የሚታወስ ይሁን፤ አንባቢ ፈልጋ ልታገኝሽ ይገባል። ከዚያ ጎን ለጎን የቅጥር ውልሽን አውጥተሽ እዪው። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛው ከውጭ ገቢ ሲያገኝ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። እንዲህ የሚል አንቀጽ ካለ፣ መጽሐፉ ከመውጣቱ በፊት ለሰው ኃይል ክፍሉ በጽሑፍ አሳውቂና መድረሱ የተረጋገጠበትን ኮፒ ያዢ።