ሆዴን ስነካው የኔ አይመስለኝም

ጥያቄ፦ ተሚ ታክ (የሆድን ትርፍ ቆዳና ስብ የሚያስወግድ ቀዶ ጥገና) ካደረግሁ አምስት ወር አለፈኝ። ቁስሉ ደርቋል። ከእምብርቴ በታች ያለውን ቆዳ ስነካው ግን የሌላ ሰው ሆድ የነካሁ ይመስለኛል። ሰሞኑን ደግሞ እንደ ኤሌክትሪክ ጠቅ ጠቅ ያደርገኛል፤ ያሳክከኛል፣ ባከውም አይደርስልኝም። ነርቬ ተጎድቶ ይሆን? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ጠቅ ጠቅ ማድረጉና ማሳከኩ ብዙውን ጊዜ ነርቩ መልሶ እየበቀለ ለመሆኑ ምልክት ነው። በአምስተኛው ወር የሚጠበቅም ነው።

በዚህ ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ከብልት ፀጉር በላይ ከዳሌ እስከ ዳሌ ይቀድና ቆዳውን ከነስቡ ከጡንቻው እያላቀቀ እስከ ጎድን አጥንት ጠርዝ ያነሳዋል። ለሆድ ቆዳ ስሜት የሚሰጡት ነርቮች ከጎድን አጥንቶች መካከል ተነሥተው በጎን በኩል ይዞራሉ፤ ከፊሎቹ በጎን፣ ከፊሎቹ ደግሞ መሐል ላይ ጡንቻውን በስተው ወደ ቆዳ ይወጣሉ። ቆዳው ሲነሣ የመሐሎቹ ይቆረጣሉ፤ የጎኖቹ በአብዛኛው ይተርፋሉ። ስለዚህ ስሜት ከጎንና ከላይ ተነሥቶ ወደ መሐል እየገባ ይመለሳል። መጨረሻ የሚደርሰው እርስዎ ያሉት ቦታ ነው፣ ከእምብርት በታች፣ ከጠባሳው በላይ። አሁን እዚያ ያለው ቆዳ ቀድሞ ከእምብርትዎ በላይ የነበረ ነው። በዚህ የተነሣ ታች ሲነኩት ላይ የተነኩ ቢመስልዎ አይደንግጡ።

ነርቭ አንዴ ማደግ ከጀመረ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በወር 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። አብዛኛው ለውጥ እስከ 12ኛው ወር ይታያል፤ ዝግ እያለ እስከ ሁለት ዓመትም ሊቀጥል ይችላል። ከጠባሳው በላይ ትንሽ ቦታ ደንዝዛ ለሁልጊዜ የምትቀርባቸው ሴቶችም አሉ። ይህን ከቀዶ ጥገናው በፊት በግልጽ ሊነግሩዎ ይገባ ነበር።

ከመደንዘዙ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን ቃጠሎ ነው። የደነዘዘ ቆዳ «ተቃጠልኩ» አይልም። ለወር አበባ ቁርጠት ብለው የሙቅ ውሃ ላስቲክ ሆዳቸው ላይ አድርገው የሚተኙ ሴቶች ጠዋት ውሃ የቋጠረ ቆዳ ያገኛሉ። ስሜቱ እስኪመለስ ድረስ ላስቲኩንም፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቀውን ጨርቅም፣ በረዶንም ሆድዎ ላይ አያድርጉ። የገላ ውሃ ሙቀት በእጅ አንጓዎ ይለኩ። እንጀራ ሲጋግሩ ደግሞ ምጣዱ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ጠርዙ ከሆድዎ ትይዩ ነው፤ አክንባሎውን ሲያነሡ ወደ ኋላ አዘንብለው እንፋሎቱን ወዲያ ማዶ ይልቀቁት፣ ወፍራም ሽርጥም ይታጠቁ። መቀነት ወይም ኮርሴት የሚያደርጉ ከሆነ ማታ ማታ በመስታወት ይዩ። በግማሽ ሰዓት የማይጠፋ ቀይ መስመር ካለ ጨርቁ እዚያ ላይ ታጥፏል ማለት ነው።

ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ስለደረቀ፣ ሐኪምዎ ከፈቀዱ፣ ቆዳውን ማለማመድ ይጀምሩ። በጥጥ ይነሡ፣ ቀጥሎ ነጠላ፣ ከዚያ ሻከር ያለ ፎጣ። ደህና ከሚሰማዎት ቦታ ተነሥተው ወደደነዘዘው ይጥረጉ፤ አንዴ 5 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። መጀመሪያ እያዩ፣ ከዚያ ዐይንዎን ጨፍነው። ይህ ነርቩን አያፈጥነውም፤ አእምሮ አዲሱን መልእክት እንዲለምደው ግን ይረዳል። በወር አንድ ቀን የመደንዘዙን ድንበር በእስክሪብቶ አስምረው ፎቶ ያንሡት። በየቀኑ ሲነካኩ የማይታየው ለውጥ በፎቶ ይታያል። ሲያሳክክዎ በጥፍር አይቧጩ፣ ቆዳው ቢላጥ አይሰማዎትምና፤ በመዳፍዎ ጫን ይበሉት ወይም ሽታ የሌለው ቅባት ይቀቡት።

«የነርቭ ቫይታሚን» የሚባለውን በዘፈቀደ አይውሰዱ። ቢ12 የሚጠቅመው እጥረት ላለበት ነው፤ ቢ6 ደግሞ በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። የስኳር ሕመም ካለብዎ ስኳርዎን መቆጣጠር ከየትኛውም ክኒን ይበልጥ ይጠቅማል።

ቆዳው ከቀላ፣ ከጋለና ትኩሳት ካለ፣ ወይም ሲጫኑት ከሥር እንደ ውሃ የሚንቀሳቀስ እብጠት ከወጣ ለቀዶ ሐኪምዎ ይደውሉ። አዲስ ለተሠሩ አንባቢዎቻችን ደግሞ፦ አንድ እግር ብቻ ካበጠ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ከተሠራሁ ሁለት ወሬ ነው። ሆዴ ሳይሆን የቀኝ ጭኔ የውጭ ጎን ነው የሚያቃጥለኝ። (ከዱባይ)

መልስ፦ ለጭን የውጭ ቆዳ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ከፊት ካለው የዳሌ አጥንት ጫፍ አጠገብ ያልፋል። በቀዶ ጥገናው ተለጥጦ ወይም በኮርሴቱ ተጨቁኖ ሊሆን ይችላል። ኮርሴቱ ዳሌዎ ላይ የሚያጠብቅ ከሆነ ሰፋ ያለ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ። ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይለቃል። የጠባሳው ጫፍ አንድ ነጥብ ላይ ሲጫኑት ግን ወደ ብሽሽት የሚተኮስ ሕመም ካለ፣ በክር የተያዘ ወይም ጫፉ የተቋጠረ ነርቭ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ እዚያው ነጥብ ላይ ማደንዘዣ ወግተው ሕመሙ መጥፋቱን በማየት ያረጋግጣሉ።

ጥያቄ፦ በኦፕራሲዮን ከወለድኩ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከጠባሳው በላይ ሁለት ጣት ያህል አሁንም ደንዝዟል። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ምክንያቱ ያው የተቆረጡ ቀጫጭን ነርቮች ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ብዙ ለውጥ አይጠብቁ፤ ጉዳት ግን የለውም። ጠባሳው ውስጥ እብጠት ካለና ሕመሙ ከወር አበባዎ ጋር እየመጣ የሚሄድ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን ጠባሳው ውስጥ በቅሎ ሊሆን ስለሚችል ለማሕፀን ሐኪም ይታዩ፤ ሲሄዱም ሕመሙ የጀመረባቸውንና የወር አበባዎ የመጣባቸውን ቀኖች ጽፈው ይያዙ።