ለጀልባ መቀመጫ የሚሆን ኮምፔንሳቶ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነኝ። ጣና ላይ ሰው የማመላልስባትን ጀልባ መቀመጫ ልቀይር ነው። «የማሪን ኮምፔንሳቶ (ለጀልባ ሥራ የሚሆነውን) ግዛ» ተብዬ ሱቁን ሁሉ ዞርኩ። ያገኘሁት «ውሃ አይነካውም» የሚል መሐላ ብቻ ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መሐላውን ተወውና ጠርዙን እይ። የደህና ማሪን ንብርብሮች መሃል ክፍተት አይታይም፤ ቢኤስ 1088 (የብሪታንያ የማሪን ኮምፔንሳቶ ደረጃ) የሚል ጽሑፍም ፈልግበት። ካጣህ ለኮንክሪት ፎርምወርክ (ኮንክሪት ለሚፈስበት ቅርጽ) የሚሸጠውን ባለ ጥቁር ፊት ጠይቅ። ሙጫው ብዙ ጊዜ ውሃ ይችላል፤ ጥቁሩ ፊት ግን ቀለም አይዝልህም። ሳትገዛ ቁራጭ ለምነህ ጥቂት ሰዓት ቀቅለው። (እኔ ስቀቅል ባለቤቴ «ምሳ ነው እንዴ?» ብላ ስቃብኛለች።) ንብርብሩ ከተላቀቀ እለፈው። ባለ ጥቁር ፊቱ ካልተላቀቀ ለመቀመጫ ይበቃል፤ ለጀልባው አካል ግን አልመክርህም። ከመግጠምህ በፊት ጠርዙንና የብሎን ቀዳዳዎቹን ኢፖክሲ (ተደባልቆ የሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ) አጠጣቸው፤ ውሃ ሰርጎ የሚገባው በዚያ ነው።