ከጎንደር ላሊበላ በአውሮፕላን፦ ርቀቱና ሰዓቱ

እህቴ፣ እናትሽን ለገና ላሊበላ ልትወስጃቸው አስበሽ «ከጎንደር በአውሮፕላን ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ስንት ሰዓትስ ይፈጃል?» ብለሻል። መስመሩን በመኪናም በአየርም ስለሄድኩበት የማውቀውን ልንገርሽ።

አዘዞ ካለው ከጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ላሊበላ ማረፊያ በቀጥታ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ግን በወረታ፣ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርገሽ ጋሸና ላይ ወደ ግራ ትታጠፊያለሽ፣ 360 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። እጥፉ ማለት ነው። እናቴን በዚያ መንገድ ወስጃት ጋሸና ስንደርስ እግሯ አብጦ ጫማው አልገባ ብሏት ነበር። ለሽማግሌ ሰው ያ ሁሉ ሰዓት ቁጭ ማለት ከባድ ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ርቀቱን ለአውሮፕላኑ ፍጥነት አካፍለው 20 ደቂቃ ነው ያሉሽ አሉ። እንደዚያ አይሰላም። በአገር ውስጥ መስመር የሚበረው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር ይችላል፣ ግን እንዲህ ባለ አጭር መንገድ ገና ከፍታ ይዞ ሳይደላደል መውረድ ይጀምራል። አየር ላይ ግማሽ ሰዓት ብትይ ነው። ትኬት ላይ ግን ከዚያ ይበልጣል፣ ምክንያቱም እዚያ የሚጻፈው ከቆመበት ከተነቃነቀበት ጀምሮ ሄዶ እስኪቆም ድረስ ያለው ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ኪሎ ሜትሩን ተዪውና በምትሄጂበት ቀን ቀጥታ በረራ መኖሩን ጠይቂ። ከሌለ በአዲስ አበባ ነው የሚያዞሩሽ። ከጎንደር አዲስ አበባ 420፣ ከአዲስ አበባ ላሊበላ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሲደመር 750! 180 ኪሎ ሜትር ለመሄድ። እያንዳንዱ በረራ አንድ ሰዓት ምናምን ይፈጃል፣ ቦሌ ላይ ደግሞ ቀጣዩን መጠበቅ አለ፣ ግንኙነቱ ካልተመቸ ቀኑን ሙሉ ሊወስድብሽ ይችላል። ስለዚህ ትኬት ስትቆርጪ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን በየት በኩል እንደሚሄድ አይተሽ ቁረጪ። የገና ሰሞን ደግሞ ወንበር ቶሎ ያልቃል፣ ታኅሣሥ እስኪገባ አትጠብቂ።

ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 08:30 የሚል ካየሽ ጠዋት 2፡30 ማለት ነው። ከጎንደር ፒያሳ እስከ ማረፊያው ግማሽ ሰዓት ያዢ። ፍተሻው ላይ ጫማ ማስወለቅ ስላለ ለእናትሽ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ይሁንላቸው፣ ጎንበስ ብለው እንዳይቸገሩ። ቀጥታውን ካገኘሽ በቀኝ መስኮት በኩል አስቀምጫቸው፣ ሲነሳ ጣናን ያያሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የላሊበላ ማረፊያ ቆላ ነው ባይባልም ከከተማው በጣም ዝቅ ይላል፤ እሱ 2,000 ሜትር አካባቢ ሲሆን ከተማው 2,500 ገደማ ነው። ከማረፊያው ወደ ከተማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ትወጣላችሁ። ጎንደር ለኖረ ሰው ብዙ ባያስቸግርም፣ ግፊት ወይም የልብ ችግር ካለባቸው አስቀድመሽ ሐኪማቸውን ጠይቂ፣ የደረሳችሁ ዕለትም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ከመሄዳችሁ በፊት ትንሽ ይረፉ። መድኃኒታቸውን በሻንጣ አትስጪ፣ በእጅ ቦርሳሽ ይሁን።