የአርብ ትኬት፣ የሐሙስ ማታ መንገደኛ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ ቦሌ መንገድና በረራ

በዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱን መርጠናል። ሦስቱ መንገደኛውን አውሮፕላን ሊያስመልጡት ወይም ከበር ሊያስመልሱት የሚችሉ ናቸው። አንዱ ግን ብዙዎች ለዓመታት ሲጠይቁት የቆየ ስለሆነ ሰፋ አድርገን መልሰነዋል።

ጥያቄ፦ እናቴ ሜይ 15 በ00:45 የሚነሣ ትኬት ተቆርጦላቸዋል። በእኛ ግንቦት 7፣ አርብ ማለት ነው። የምንኖረው አያት ነው። አርብ ማታ ስንት ሰዓት ላይ ከቤት ብንወጣ ይሻላል? ሻንጣ ይዘን በባቡር መሄድስ ይቻላል? (ከአያት)

መልስ፦ አርብ ማታ ከወጣችሁ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ያልፈዋል። ከቤት የምትወጡት ሐሙስ ግንቦት 6 ማታ ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ 00:45 የአርብ የመጀመሪያው ሰዓት ነው። በእኛ አነጋገር ሐሙስ ለአርብ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:45 ማለት ነው። ትኬት ላይ ከ00:00 እስከ 06:59 የተጻፈ ሰዓት ባያችሁ ቁጥር «የማን አጥቢያ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ቃል በቋንቋችን ውስጥ ያለው ለዚሁ ነገር ነውና ቤተሰብ ሁሉ ሳይሳሳት ይረዳዋል። ሰዓቱን ለመለወጥ ደግሞ ከ00:00 እስከ 06:59 ላለው 6 ይደምሩ፣ ከ07:00 እስከ 18:59 ላለው 6 ይቀንሱ፣ ከ19:00 በኋላ ላለው 18 ይቀንሱ። ለምሳሌ 22:40 ሲሆን ከምሽቱ 4:40 ነው። የተገኘውን በወረቀት ላይ በእኛ ቀንና ሰዓት ጽፋችሁ ከፓስፖርቱ ጋር አያይዙላቸው።

ከበረራው 3 ሰዓት ቀደም ብሎ መድረስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሐሙስ ከምሽቱ 3:45 ተርሚናሉ በር ላይ መሆን አለባቸው። የሻንጣ መስጫው መስኮት የሚዘጋው መነሻው 1 ሰዓት ሲቀረው ስለሆነ፣ ከምሽቱ 5:45 በኋላ የደረሰ ሰው አውሮፕላኑ ቆሞ እያየም ቢሆን አይሳፈርም። ለዓለም አቀፍ በረራ የሚሄዱት ወደ ተርሚናል 2 ነው። ይህን ለሾፌሩ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ባቡሩን ግን አንመክርም። በ2008 ሥራ የጀመረው ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው መስመር በመገናኛ በኩል ያልፋል እንጂ ቦሌ አይደርስም። መገናኛ ወርዶ ሌላ መኪና መያዝ ግድ ነው። ከዚህም በላይ መጀመሪያ ከገቡት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ስለቆሙ በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ጊዜ ረዝሟል፤ የመጣውም ጢም ብሎ ነው የሚመጣው። ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይዞ እዚያ ውስጥ መቆም ለእናትም ለሌላውም ተሳፋሪ መከራ ነው። በሚኒባስ ከሆነም ሻንጣው የሰው ቦታ ስለሚይዝ ወያላው የዚያን ሒሳብ ይጠይቃል፤ ቦሌ ድልድይ ላይ ከወረዳችሁ በኋላም ገና የሚጎተት መንገድ ይቀራል። ለዚህች አንድ ምሽት በስልክ የሚጠራ ታክሲ ያዙ። ዝናብ ካለ መኪና ስለሚጠፋ ከመውጫችሁ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ጥሩ።

ሐሙስ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ብትነሡ የሥራ መውጫው ግፊያ ጋብ ማለት ስለሚጀምር መልካም ነው። በረራቸው ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት የሆነ አንባቢዎች ግን ከዚህ በላይ መጠንቀቅ አለባቸው። ወደ አውሮፓ የሚሄዱት አውሮፕላኖች ማታ ላይ ተቀራርበው የሚነሡት፣ አመሻሹን ከአፍሪካ ከተሞች የሚገቡትን ትራንዚት መንገደኞች እንዲቀበሉ ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባው መንገደኛ ከቤቱ የሚወጣው በትክክል ከ11:30 እስከ 1 ሰዓት፣ መገናኛ በሚዘጋበት ጊዜ ነው። ተርሚናሉ ሲደርስም ሰልፉ ላይ የሚያገኘው የእነዚህን ሁሉ በረራዎች ሰው ነው። ከአያት ለሚነሣ ሰው ለመንገዱ ብቻ 2 ሰዓት መያዝ አይበዛበትም። የመገናኛው ከተዘጋ በሰሚት፣ በጎሮና በገርጂ አድርጎ ኢምፔሪያል የሚያወጣው መንገድ አለ፤ ኢምፔሪያል አደባባይም በዚያ ሰዓት ስለሚጨናነቅ ሾፌሩ ካርታውን አይቶ ይወስን።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚመጣው አውሮፕላን መንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት ይቆማል። ከዚህ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ግን ሳይቆም ይደርሳል። መንገዱ ያው ሆኖ ለምን? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ርቀቱ ያው ነው፤ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ። የሚለየው መነሻው ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ሲሆን የዋሽንግተኑ ደለስ 95 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በቦሌ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በ20 በመቶ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ሦስት ነገር ያደርጋል። ክንፉ አውሮፕላኑን የሚያነሣው በሚያልፍበት አየር ስለሆነ ያንኑ ክብደት ለማንሣት በ12 በመቶ ያህል የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ሞተሩ የሚስበው አየር ስለሚያንስ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ያ የበለጠ ፍጥነት ላይ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፦ ሲነሣ አንዱ ሞተር ቢጠፋ በቀረው ብቻ በበቂ ሁኔታ ወደ ላይ መውጣት መቻል አለበት። ይህ ሕግ ነው፤ ስሌቱም በየበረራው ይሠራል። ከሰሜን እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ መቆሙን እዚህ ላይ ያስታውሱ።

የቦሌ ረጅሙ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ነው። ረጅም ነው፤ ግን ርዝመቱ ብቻውን ከላይ ያሉትን አይፈታም። መፍትሔው ክብደት መቀነስ ነው። የድሪምላይነር 787-8 ታንኮች እስከ 126,000 ሊትር ገደማ ነዳጅ ይይዛሉ፤ ያንን ሁሉ ሞልቶ፣ ወንበሩንም በሰው፣ ሆዱንም በሻንጣና በጭነት ሞልቶ ከቦሌ መነሣት አይቻልም። አየር መንገዱ ወይ ሰው መቀነስ ወይ ነዳጅ መቀነስ አለበት። ነዳጁን ቀንሶ መንገድ ላይ መሙላቱ ይሻላል። በዚህ ላይ ወደ ምዕራብ ሲበር ከላይ ያለው ነፋስ ከፊት ስለሚመጣ ተጨማሪ ነዳጅ ይበላል፤ ሲመለስ ያው ነፋስ ከኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ከደለስ ሙሉ ታንክ ይዞ፣ በወፍራም አየር፣ ነፋስ ተከትሎት ይመጣል። ማታ መነሣቱም ይረዳል፤ ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ይወፍራልና። ለአዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ የተመረጠው የቢሾፍቱ አካባቢ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ችግሩን ያቃልለዋል እንጂ አያጠፋውም።

የሚቆምበት ከተማ እንደ ጊዜውና እንደ በረራው ይለያያል፤ ደብሊንና ሎሜ ሲያገለግሉ ቆይተዋል። እናት ወይም አባት ብቻቸውን የሚመጡ ከሆነ ትኬቱ ሲቆረጥ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ መንገደኛው አውሮፕላኑ ውስጥ ይቆያል ወይስ ይወርዳል? የበረራ ቁጥሩስ እስከ መጨረሻው አንድ ነው? አንድ ቁጥር ከሆነ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሌላው ቢነሣም እንዳይወርዱ ቀድማችሁ ንገሯቸው። እንግሊዝኛ የማይችሉ ወላጆች በጣም የሚደነግጡት እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ትኬት ቢሮው የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የአባቴን ስም ጻፈ። ፓስፖርቴ ላይ ግን እዚያ ያለው የአያቴ ስም ነው። ችግር አለው? (ከአዳማ)

መልስ፦ አለው፤ ዛሬውኑ አስተካክሉት። ፓስፖርቱን ፎቶው ካለበት ገጽ ግለጡና ከታች ያሉትን ሁለት ረጃጅም መስመሮች ተመልከቱ። ማሽኑ የሚያነበው እነሱን ነው። በላይኛው መስመር ከአገሪቱ ሦስት ፊደላት ቀጥሎ የሚመጣው የቤተሰብ ስም ነው። ከዚያ የቀስት ራስ የሚመስለው ምልክት ሁለት ጊዜ ተደጋግሞ ይመጣል፤ ከእሱ ወዲያ ያለው የራስ ስም ነው። ትኬቱ ላይ ያለው አንድ ፊደል ሳይጎድል ከዚህ ጋር መመሳሰል አለበት። ጸሐይ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ በሦስት በአራት ዓይነት ስለሚጻፍ ለቢሮው ስሙን በቃል አትንገሩ፤ የገጹን ፎቶ ላኩ። ማስተካከያውን የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ትኬቱን የቆረጠው ራሱ ነው፤ ሌላ ቢሮ ብትሄዱ ይመልሷችኋል። ደርሶ መልስ ከሆነ ሁለቱም መስመሮች መታረማቸውን፣ ቪዛውም ላይ ያለው ስም ያው መሆኑን እዩ።

ጥያቄ፦ ለልጄ ጀርመን ንጥር ቅቤና ቋንጣ ልልክላት ነው። በእጅ ሻንጣ ነው ወይስ በትልቁ? ፓወር ባንክስ? (ከሳሪስ)

መልስ፦ እናዝናለን፤ በየትኛውም አይሆንም። የአውሮፓ ኅብረት መንገደኛ ከኢትዮጵያ የሥጋና የወተት ተዋፅኦ ይዞ እንዲገባ አይፈቅድም፤ ከተገኘ ይወረሳል። በርበሬና ሽሮ ይላኩላት፤ በትልቁ ሻንጣ፣ በደንብ በታሸገ ሁለት ድርብ ላስቲክ፣ በልብስ መሐል። ማር ከጨመሩ እሱም በትልቁ ይግባ፤ ፍተሻው ላይ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ በእጅ አያልፍም።

ፓወር ባንኩ በተቃራኒው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ ባትሪ ጭነት ክፍል ውስጥ ቢቀጣጠል ደርሶ የሚያጠፋው ሰው የለም። ወሰኑ 100 ዋት ሰዓት (Wh) ነው። ጀርባው ላይ ሚሊ አምፒር ሰዓት (mAh) ብቻ ከተጻፈ በ3.7 አባዝተው ለ1,000 ያካፍሉ፦ 20,000 የሚለው 74 ይሆናል፣ ያልፋል፤ 30,000 የሚለው 111 ስለሚሆን አስቀድሞ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። ጽሑፉ የጠፋበትን ፓወር ባንክ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ፈታሹ መጠኑን ማወቂያ ስለሌለው ያስቀረዋል።