ሰፊ ማዕዘን ሌንስ የሚያመጣው የቀለም መዛነፍ

ጥያቄ፦ በቴክኒካል ካሜራ (ሌንሱን ወደ ጎን ማንሸራተት በሚያስችል ካሜራ) ላይ በገጠምኩት የመካከለኛ ፎርማት ዲጂታል ባክ (ሴንሰሩን የያዘ፣ ከካሜራው ኋላ የሚገጠም ክፍል) ሕንፃ ሳነሣ፣ ነጩ ግድግዳ በአንዱ ጠርዝ ወደ ሐምራዊ፣ በሌላው ወደ አረንጓዴ ያደላል። ሰፊ ማዕዘን ሌንሴ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ሌንስዎ አልተበላሸም። የዚህ ዓይነት ሌንስ የኋላ መስተዋት ብርሃኑን ወደ ምስል ለሚለውጠው ሴንሰር እጅግ ስለሚቀርብ፣ ብርሃኑ መሃሉን ቀጥ ብሎ ሲመታ ጠርዙን ግን በጣም አጋድሎ ይመታዋል፤ ያጋደለው ጨረርም ለአንድ ቀለም ከተመደበው ፒክስል (የሴንሰሩ ጥቃቅን ብርሃን መቀበያ ነጥብ) ወደ ጎረቤቱ ስለሚያልፍ የቀለሙ ሚዛን ይዛባል። ሌንሱን ወደ ጎን ባንሸራተቱት መጠን አንዱ ጠርዝ ይበልጥ ይጎዳል። የነጭ ሚዛን ማስተካከያ ምስሉን በሙሉ እኩል ስለሚለውጥ እዚህ አይረዳም።

ሕንፃውን እንዳነሡ፣ ዲያፍራሙን (የሌንሱን የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ)፣ ፎከሱንና የሌንሱን ሽግሽግ ሳይነኩ፣ ብርሃን አሳላፊ የሆነ ነጭ ሰሌዳ ከሌንሱ ፊት አስጠግተው ሁለተኛ ፎቶ ያንሡ፤ ሰሌዳው ብርሃን ስለሚቀንስ የመዝጊያውን ጊዜ ያርዝሙ። ካፕቸር ዋን የተባለው የፎቶ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ከዚህ ፎቶ የሚያዘጋጀው ማረሚያ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን የጠርዙን ጥቁረትና በሴንሰሩ ላይ ያረፈውን አቧራ ጭምር ያስተካክላል። ሽግሽጉን በለወጡ ቁጥር የሰሌዳውን ፎቶ እንደገና ቢያነሡ አጥብቄ እመክራለሁ፤ በአንድ አቀማመጥ የተሠራ ማረሚያ ለሌላው ሲውል አዲስ መዛነፍ ይፈጥራል። ከኋላ ብርሃን የሚቀበሉት አዳዲስ ሴንሰሮች ችግሩን በእጅጉ ቀንሰውታል።